ስለ አፈር ጥበቃ ገንዘብ አከፋፈል፤ የመንግሥት ድርሻና የባለይዞታው ድርሻ

ከየካ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጐርፍ በኮተቤና በቦሌ በኩል አልፎ ወደ ታላቁ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙም የተሸከመውን አፈር ወስዶ በአባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ያራግፈዋል። ይህ ግድብ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተሠርቶ ለከተማው የኤሌክትሪክ ኀይል ሲሰጥ ኖሮ፣ ደለሉ እየበዛ መሣሪያውም እያረጀ ስለ ሄደ በ1960ዎቹ ሥራውን አቆመ፤ ታድሶ እንደገና የጀመረው በ2009 ዓመተ ምሕረት ነው። እንግዲህ በላይኛው መሬት ላይ እርከን ሳይሠራ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው በታች ያለው ሰው ነው። የተራራውን ገበሬ ስለ ታችኛው ሰው ጥቅም ጉልበትህን ብቻህን አውጣ ማለት አይገባም፤ ሁሉን መንግሥት ይክፈል ማለትም እንደማይበጅ ያለፈው ሥራ አስረድቷል።

ይህ የድርሻ ነገር ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶና የቤት እንጨት ከከተማው ዙሪያ በማለቁ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ከተማውን በስፍራው አጸናው። መንግሥት ችግኙን በጥቂት ዋጋ አደለ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነፃ አደረገ። ከግምጃ ቤት የወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ቁፋሮውን፣ ጥበቃውንና የዓመታቱን ትዕግሥት ባለመሬቱ ራሱ ቻለው፤ የሚሸጠው አጣና የራሱ ነበርና። (ዛፉ ውሃ መጣጭ መሆኑ ሌላ ክርክር ነው።)

በኋላ ዘመን የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ሆነ። ከ1972 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በዓለም የምግብ ድርጅት እርዳታ በሰፊው የተካሄደው «ምግብ ለሥራ» ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰጥ ነበር። በዚህ ደመወዝ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፤ የተራበም ሰው በላ፤ ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እርከኑ በየት በኩል እንዲያልፍ ገበሬው አልተጠየቀም። እርሻውን አጠበበበት፤ በሬ ማዞሪያ አሳጣው፤ የአይጥ መጠጊያም ሆነበት። ሹሙ የተሠራውን ኪሎ ሜትር ሲቈጥር ገበሬው የተቀበለውን ኪሎ ስንዴ ይቈጥር ነበር። በ1983 መንግሥት በተለወጠ ጊዜ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፤ ችግኙም ተቈረጠ፤ ባለይዞታው የመንግሥት ንብረት እንጂ የራሱ አድርጎ አላየውምና።

የኮንሶ ሕዝብ ግን የድንጋይ እርከኑን ለብዙ ትውልድ ያለ አንዳች የውጭ ደመወዝ ሲሠራና ሲጠግን ኖሯል፤ በ2003 ዓመተ ምሕረትም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። በትግራይም የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ሰዎች የተራቈተ ተራራቸውን በነፃ ጉልበት ጭምር አልምተው የጕድጓዳቸው ውሃ ተመልሶላቸዋል።

በ1997 ዓመተ ምሕረት የልማታዊ ሴፍቲኔት ሥራ ሲጀመር የእርሻ ሚኒስቴር የተፋሰስ ልማት መመሪያ አወጣ። በመመሪያው መሠረት አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ የድንጋይ እርከን ደግሞ 250 የሰው ቀን ይፈጃል። የዚያን ጊዜ የቀን ዋጋ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ስለ ነበር፣ የአፈሩ እርከን ለአንድ ኪሎ ሜትር 900 ብር ወይም አራት ኩንታል ተኩል እህል ያስወጣ ነበር ማለት ነው። ዋጋው ዛሬ ተለውጧል፤ የሥራው ልክ ግን ለሹሙ መቈጣጠሪያ ይሆነዋል፤ 150 ቀን የሚበቃውን ሥራ 300 ቀን ብሎ የጻፈ የሥራ ኃላፊ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

በዚህ ሥራ የመሥራት ዐቅም ያለው ሰው በወር 5 ቀን እየሠራ ሲከፈለው፣ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ያለ ሥራ ይረዳል። ሥራው በተለይ በወል መሬት ላይ እንዲሆን ታዘዘ፤ ጉልበት የሌላት ባልቴት መሬት ግን በሕዝቡ ጉልበት እንዲለማ ተፈቀደ። ፍርዱ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የባልቴቲቱ ማሳ ከላይ ሆኖ ሳይሠራ ቢዘለል ከበታቹ ያለው የአሥር ሰው እርከን በአንድ ዝናብ ይደረመሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለየቀበሌው እኩል ተቈራርሶ ከሚበተን ይልቅ ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች አንዱን ተፋሰስ እየፈጸመ ቢወርድ ይሻላል። እኩል ማካፈል ለሹሙ ከወቀሳ መሸሸጊያ ነው፤ ጐርፉ ግን የቀበሌ ወሰን አያውቅም።

በቈላው የከብት አርቢ አገር ደግሞ የአርብቶ አደር ማኅበረሰብ ልማት ፕሮጀክት ሕዝቡ ለሚመርጠው ሥራ ከመቶ 15 እጅ በገንዘብ፣ በጉልበትና በዕቃ እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ በበኩሉ መንግሥት ከወጪው እስከ መቶ 75 እጅ ድረስ እንዲከፍል አድርጓል፤ የቀረው በባለ እርሻው ላይ ነው። በኛ አገር ግን ቈላ ላይ ትልቁ መዋጮ በደብተር አይጻፍም፤ ግጦሹ ተከልሎ እስኪያገግም ድረስ ከብቱን ሌላ ቦታ የሚያሰማራው ሰው ድካምና የሚሞትበት ጥጃ ነው። ይህን እንደ መዋጮ ሳይቈጥሩ እንደገና ገንዘብ አምጣ ማለት በደል ይሆናል።

ወደ ቦሌ ስንመለስ፣ አራብሳና ቡልቡላ ጤፍ ይዘራባቸው የነበሩ ስፍራዎች ዛሬ የመኖሪያ ቤት ሠፈር ሆነዋል። ከተማ የሚቀርበው ገበሬ መሬቱ ነገ እንደሚወሰድ እየጠረጠረ ድንጋይ አይሸከምም። የካሣ ሕጉ፣ አስቀድሞ በ1997 በወጣው አዋጅ ቍጥር 455፣ ኋላም በ2011 በተተካው ቍጥር 1161፣ በመሬቱ ላይ ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ካሣ እንዲከፈል ያዛል። እርከንም ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን መንግሥት ምን ያህል እንዳወጣ፣ ባለይዞታውም ስንት ቀን እንደሠራ በሥራው ጊዜ ካልተጻፈ፣ በካሣው ቀን ማስረጃ አይገኝም። የይዞታ ደብተር ባለበት ወረዳ ሁሉ ይህን መዝገብ ከደብተሩ ጋር አያይዞ ማኖር ለጸሐፊው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የቀረው የጊዜው ነገር ነው። የበጀት ዓመት የሚገባው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን፣ እርከን የሚሠራው ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ዕቅዱ በጥቅምት ጸድቆ ገንዘቡ በታኅሣሥ ወረዳ ካልደረሰ፣ ሥራው እየተገፋ ግንቦት ይገባል፤ ገበሬውም በዚያ ወር እርሻው ላይ ነው። በግንቦት መጨረሻ በችኮላ የተከመረ፣ ሣር ያልያዘ አፈር በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ይናዳል፤ በመዝገብ ግን እንደ ተሠራ ተቈጥሮ ይቀራል። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ በሰኔ ከመዘጋቱ በፊት ሹሙ ራሱ ወደ ማሳው ወርዶ፣ የተናደው ስንት ሜትር እንደሆነና ማን እንደሚጠግነው ከባለይዞታው ጋር ተነጋግሮ ሊያስጽፍ ይገባል።