ደቦ በኮምፒዩተር ውስጥ

ባለፈው ሰሞን በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ «እባካችሁ አታጥፉት፣ ሥራ ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያያችሁ ትኖራላችሁ። «ማንም ሳይነካው ምን ይሠራል?» ብለው የጠየቁን ሠልጣኞችም መምህራንም ስላሉ መልሱን በዚህ ገጽ ለመስጠት ወደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ቅጂ ብቻ የቀረላቸው የቆዩ የመምህር መምሪያዎች አሉን። ጠርዛቸው አልቋል፣ በተገለጡ ቁጥር ይረግፋሉ። ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ሠልጣኞች ደግሞ አጥብቀው ይፈልጓቸዋል። ስለዚህ 600 ገጽ በስካነር አንስተን፣ ቴሰራክት በሚባል ነፃ ፕሮግራም ምስሉን ወደ ፊደል ለመለወጥ ተነሣን። ቴሰራክት በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛም ያነባል።

በእኛ ማሽን አንዱን ገጽ ለማንበብ 15 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። 600ው ገጽ በተራ ከሄደ 9,000 ሴኮንድ፣ ማለት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ታዲያ ምን አለበት? መብራት የማይጠፋ ቢሆን ምንም የለበትም ነበር። አንድ ቅዳሜ ጀምረን 400 ገጽ ካለፍን በኋላ ድርግም አለ። የጻፍነው ስክሪፕት፣ ማለትም ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጽሑፉን ሁሉ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ስለነበር አንዲት ገጽ እንኳ አልተረፈችንም። ያን ቀን ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ባንጽፈው ይሻላል።

በገሳይ አካባቢ ገብስ ሲታጨድ ያየ ሰው መፍትሔው አይጠፋውም። አንድ ሰው ብቻውን ሳምንት የሚያጭደውን ማሳ ደቦ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። የዛሬ ማሽኖች በአንዱ ፕሮሰሰር ውስጥ ብዙ ኮር አላቸው፤ የእኛው አራት አለው። ገጾቹን በተራ ስናስነብብ አንዱ ኮር ሲያጭድ ሦስቱ ዳር ቆመው ያዩ ነበር ማለት ነው።

ማሽኑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። የሊኑክስ የትእዛዝ መስኮት (ያ ጥቁሩ) ልማዱን የወረሰው፣ እነ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው። በዚህ መስኮት ከአንድ ትእዛዝ መጨረሻ የ«እና» ምልክት ቢደረግ፣ ማሽኑ ሥራውን ከበስተጀርባ ይዞ ወዲያው ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛም ደስ ብሎን 600ውንም እንዲሁ ለቀቅናቸው። ማሽኑ ደረቀ፤ የመዳፊቱ ቀስት እንኳ አልነቃነቅ አለ። አራት ማጭድ ባለበት ማሳ 600 ሰው ጠርተን ነበር! ሰው ሲበዛ ማጭዱ አይበዛም፣ ጠላው ግን ያልቃል። እዚህ ጠላው ራም የሚባለው የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ከዚያ ድርሻውን ይወስዳልና።

ትክክለኛው መሣሪያ ኤክስአርግስ የሚባለው ትእዛዝ ሆኖ ተገኘ። የገጾቹን ስም ዝርዝር ይቀበልና ለእያንዳንዱ ስም ስክሪፕቱን ይጠራል። «ፒ» በሚለው ምርጫ 4 ብንለው ከአራት በላይ በአንድ ጊዜ አያሰማራም፤ አንዱ ሲጨርስ አምስተኛውን ያስገባል። ረጅም ገጽ የደረሰው ሲዘገይ ሌሎቹ አይጠብቁትም። ዴንማርካዊው ኦሌ ታንገ የሠራው ፓራለል የተባለ ፕሮግራምም አለ። እሱ የተፈጸመውን ሥራ በመዝገብ ስለሚይዝ ከተቋረጠበት መቀጠል ያስችላል፤ ለእኛ ግን የመጀመሪያው በቃን።

ቢሆንም ሦስት ነገር አስቸገረን። አራቱ ሥራዎች በአንድ ፋይል ላይ ሲጽፉ የገጽ 12 አንቀጽ ገጽ 47 መሐል ገብቶ ተገኘ። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ፋይል እንዲይዝ አድርገን፣ በመጨረሻ በቅደም ተከተል አጋጠምናቸው። ስሞቹንም 001፣ 002 እያልን ሰጠን፤ አለዚያ ማሽኑ 10ን ከ2 ያስቀድማል። ሁለተኛው ቴሰራክት ራሱ በውስጡ አንዱን ገጽ ለብዙ ኮር ለማካፈል መሞከሩ ነው። አራቱ እንዲህ ሲያደርጉ እርስ በርስ ይጋፋሉ። እያንዳንዱ በአንድ ኮር ብቻ እንዲወሰን ስናዝ ፍጥነቱ ታየ።

ሦስተኛው ያው የመብራቱ ጉዳይ ነው፤ ይህን ልብ በሉ። ስክሪፕቱ አንድ ገጽ ከመጀመሩ በፊት የዚያ ገጽ ጽሑፍ መኖሩን ይመለከታል፤ ካለ ያልፈዋል። ነገር ግን መብራት በግማሽ ገጽ ላይ ቢጠፋስ? ግማሹን ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጽፍና ገጹ ሲያልቅ ብቻ ትክክለኛውን ስም ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ መብራት አንድ ጊዜ ሄዷል፤ ስንመለስ የጠፋው በእጅ ላይ የነበሩት አራት ገጾች ብቻ ነበሩ።

ንባቡ ከ150 ደቂቃ ወደ 40 ደቂቃ ገደማ ወረደ። ማጋጠሙና ማስተካከሉ ግን 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ እሱ አይካፈልም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር መሐንዲስ በ1967 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህንኑ ነው። መቶ ኮር ያለው ማሽን ብናመጣ እንኳ ከ10 ደቂቃ በታች አንወርድም። አጫጁ ምንም ቢበዛ አውድማው አንድ ከሆነ በሬዎቹ በራሳቸው እርምጃ ነው የሚያበራዩት።

አሁን የቀረው እርማት ነው። ቴሰራክት የሚመሳሰሉ ፊደላትን፣ ለምሳሌ «ጸ»ን ከ«ጻ»፣ ያምታታል፤ ይህንንም ከሰው ዓይን በቀር የሚለየው የለም። 600 ገጽ ለ30 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ገጽ ይደርሰዋል። የስም መጻፊያው ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ተሰክቷል፤ እስካሁን 11 ሰው ተመዝግቧል።