የሲድኒ ኦፔራ ሃውስን ያቆሙ እጆች

የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ በተነሳ ቁጥር የሚጠራው ዴንማርካዊው አርክቴክት ዮርን ኡትሶን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ከ233 ንድፎች መካከል የእርሱ ሲመረጥ ዕድሜው 38 ነበር። ክብሩ ይገባዋል። ሕንፃውን ያቆሙት ግን ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹንም የሚያስታውሳቸው የለም።

የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መሪ ጆሴፍ ካሂል ገንዘቡ ከሎተሪ እንዲሰበሰብ አደረገ። ፖለቲካው ተለዋውጦ ሐሳቡ መና እንዳይቀር ስለሰጋም ንድፉ ሳያልቅ በማርች 1959 ሥራውን አስጀመረ። በዚያው ዓመት ሞተ። ጥድፊያው ዋጋ አስከፍሏል፤ ጣሪያውን መሸከም የማይችሉ ምሰሶዎች ፈርሰው እንደገና ተሠርተዋል። ያም ሆኖ የካሂል ችኮላ ባይኖር ሕንፃው ከወረቀት ይወርድ ነበር ብዬ አላምንም።

ትልቁ ፈተና ጣሪያው ነበር። እንደ ሸራ የተነፋው ቅርጽ በሥዕል ያምራል፤ በምን ስሌት እንደሚቆም ግን የሚያውቅ አልነበረም። የኦቬ አሩፕ ድርጅት መሐንዲሶች ዓመታት ደከሙበት። በ1961 መፍትሔው ተገኘ፦ የጣሪያው ቅርፊቶች ሁሉ 75 ሜትር ያህል ሬዲየስ ካለው አንድ ሉል እንደተቆረጡ ሆነው ይሠሩ። ጉብጠታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የኮንክሪት ቁራጮቹን በተመሳሳይ ቅርጽ ማውጫ ደጋግሞ መሙላት ተቻለ። ሐሳቡ ቀድሞ ለማን እንደመጣለት ዛሬም ያከራክራል።

ቁራጮቹን አየር ላይ ማገጣጠም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በጣሪያው ተቋራጭ በሆርኒብሩክ ድርጅት የሚሠራው ትውልደ ፈረንሳይ መሐንዲስ ጆ በርቶኒ፣ እየረዘመና እያጠረ ከቅርፊት ቅርፊት የሚዘዋወር የብረት ቅስት ነደፈ። የእንጨት መወጣጫ ጫካ ቀረ። በርቶኒ ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ የተረፈ ሰው ነው፤ ወደ 30,000 የሚጠጉ የሂሳብ ቀመሮችን በእርሳስ ሠርቷል። በኋላ በኮምፒውተር ሲመረመር ስህተት አልተገኘበትም። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምደነቀው በዚህ ሰው ነው።

በ14 ዓመታት ውስጥ ወደ 10,000 ሠራተኞች ተፈራርቀውበታል። አሜሪካዊው ድምፃዊ ፖል ሮብሰን በ1960 ግንባታው መካከል ቆሞ ዘፍኖላቸዋል።

በ1966 ኡትሶን ከሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትሩ ከዴቪስ ሂዩዝ ጋር በክፍያና በንድፍ ተጋጭቶ ሥራውን ለቀቀ። ከአውስትራሊያ ወጥቶም አልተመለሰም። ቦታውን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የተረከበው የ34 ዓመቱ ፒተር ሆል ነበር። ኡትሶን ይመለስ የሚለውን አቤቱታ ራሱም ፈርሞ ስለነበር ብዙዎች እንደ ከሃዲ አዩት። የጠበቀው ጣሪያና ባዶ ሆድ ነው፤ የአዳራሾቹን የውስጥ ክፍል እና ግዙፎቹን የመስታወት ግድግዳዎች የነደፈው እርሱ ነው። ሕንፃው በ1973 ሲመረቅ በ7 ሚሊዮን ዶላር ያልቃል የተባለው ሥራ 102 ሚሊዮን በልቶ ነበር።

ኦፔራው በትንሹ አዳራሽ መጣበቡ ዛሬም በሆል ላይ ይነሳል። ወቀሳው ትክክል አይመስለኝም። ትልቁ አዳራሽ ለኮንሰርት ብቻ እንዲሆን የጠየቀው የአውስትራሊያ ብሮድካስቲንግ ኮሚሽን ነው፤ ሆል የታዘዘውን ሠራ።