ነጻ የካርታ መረጃን ለስፖርት ሰዓት ማዘጋጀት፡ አሠራሩና ጥንቃቄው

በሩጫ፣ በብስክሌትና በተራራ ጉዞ የሚሳተፉ ሰዎች በእጃቸው የሚያስሩት ሰዓት ጊዜ ከመቁጠር አልፎ የሚገኙበትን ቦታ የሚያመለክት መሣሪያ ከሆነ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ሰዓቱ ያለበትን ነጥብ ማወቁና በዚያ ነጥብ ዙሪያ ምን እንዳለ ማሳየቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የመጀመሪያው የሳተላይት፣ ሁለተኛው የካርታ ሥራ ነው። ይህ ጽሁፍ ሁለተኛውን፣ በተለይም ነጻ የካርታ መረጃን ለሰዓት በሚስማማ መልኩ የማዘጋጀትን አሠራር ያብራራል።

የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው ጂፒኤስ ከምድር በላይ 20 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሚዞሩ ሳተላይቶች ይጠቀማል። ሰዓቱ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሱትን ምልክቶች ተቀብሎ ርቀታቸውን በማስላት ቦታውን ይለያል። ለዚህ ተግባር ኢንተርኔትም ሆነ የስልክ ኔትወርክ የግድ አያስፈልግም። ካርታውም አስቀድሞ በሰዓቱ ውስጥ ከተጫነ ኔትወርክ በማይደርስበት ተራራ ላይ ጭምር ያገለግላል።

ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው የመረጃ ምንጭ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ በ2004 ስቲቭ ኮስት በተባለ እንግሊዛዊ የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ተሳትፎ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ መረጃውን ማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው ይችላል። ከእ.ኤ.አ 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፈቃድ ውል በበኩሉ ሁለት ግዴታዎችን ያስቀምጣል። እነርሱም የመረጃውን ምንጭ መግለጽና ከመረጃው የተገኘ የመረጃ ቋት ለሕዝብ ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲሰራጭ ማድረግ ናቸው።

ካርታን በራስ ፍላጎት ማዘጋጀት ያስፈለገበት ዋነኛ ምክንያት የተጠቃሚዎች ፍላጎት የተለያየ መሆኑ ነው። ለአሽከርካሪ ዋናው ነገር የመኪና መንገድ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳንካበር ወደ ጊጭ፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ በእግር ለሚጓዝ ሰው ግን የእግር መንገዱ፣ ምንጩ፣ የሰፈር ቦታውና የገደሉ ጠርዝ ይበልጥ አስፈላጊ ናቸው። ስፋቱ ከአራት ሴንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጥ የሰዓት ገጽ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሳየት ስለማይቻል የሚታየውን መምረጥ ግድ ይላል።

ሥራው በአራት ደረጃዎች ይከናወናል። ካርታ የማሳየት አቅም ላላቸው የጋርሚን ሰዓቶች የሚሠራበትን ስልት በምሳሌነት ብንወስድ፣ በመጀመሪያ የሚፈለገው አገር መረጃ ይወርዳል። በጀርመን የሚገኘው ጂኦፋብሪክ የኢትዮጵያን ጨምሮ የየአገሩን መረጃ ለይቶ ያቀርባል። በሁለተኛ ደረጃ ስፕሊተር የተሰኘው ፕሮግራም ትልቁን ፋይል ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይከፋፍለዋል። በሦስተኛ ደረጃ ኤምኬጂማፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም መረጃውን ሰዓቱ ሊያነበው ወደሚችል የካርታ ፋይል ይለውጠዋል። የትኛው መንገድ በምን ያህል ርቀት እንደሚታይ በስታይል ፋይል፣ የመስመሩ ቀለምና ውፍረት ደግሞ ታይፕ በሚባል ሌላ ፋይል ይወሰናል። በመጨረሻም የተዘጋጀው ፋይል በኬብል አማካይነት ወደ ሰዓቱ ማህደር ይገለበጣል።

በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻው የቦታ ስም ጉዳይ ነው። በመረጃ ቋቱ ውስጥ አንድ ቦታ በአማርኛም፣ በሌሎች ቋንቋዎችም፣ በላቲን ፊደልም ስም ሊኖረው ይችላል። የግእዝ ፊደል ያልተጫነበት ሰዓት የአማርኛውን ስም በትክክል ስለማያሳይ፣ አዘጋጁ ፕሮግራሙ በቅድሚያ የላቲኑን ስም እንዲመርጥ ማዘዝ ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ ተጓዡ መንገዱን እያየ የመንደሩን ስም ማንበብ ሊሳነው ይችላል።

የከፍታ መስመሮች ምንጭ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ተልዕኮዋ 80 በመቶ የሚሆነውን የምድር የየብስ ክፍል በራዳር ለክታለች። ከዚህ ልኬት የተገኘው መረጃ ዝርዝሩ 30 ሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም በሁለት የልኬት ነጥቦች መካከል ያለ ቀጥ ያለ ገደል በካርታው ላይ እንደ ተራ ቁልቁለት ሊታይ ይችላል። ጉም በወረደበት ወይም ጀንበር ባዘቀዘቀችበት ሰዓት በካርታው ላይ ብቻ ተማምኖ ከመንገድ መውጣት ለሕይወት አስጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአካባቢው የሚያውቅ መንገድ መሪን የሚተካ መሣሪያ የለም።

ከቴክኒክ አንጻር ሲታይም ከሰዓቱ ጋር የመጣውን ካርታ ከመንካት በፊት ቅጂውን ማስቀመጥ፣ ለአዲሱ ካርታ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠትና ከጉዞ በፊት በሚታወቅ ሰፈር መሞከር ይገባል። ሁለት ዝርዝር ካርታዎች በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ አንዱ ሌላውን ሊሸፍነው ስለሚችል አንዱን መዝጋት ያስፈልጋል።

የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ከዚህ አሠራር የሚወስዱት ቁም ነገር አለ። በበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ካርታ ለወሰን ወይም ለይዞታ ውሳኔ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ይፋዊ ካርታ ሥልጣን ከተሰጠው ተቋም የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል አንድ የፓርክ ወይም የቱሪዝም ጽህፈት ቤት በሥሩ የሚገኙ የእግር መንገዶችን፣ ምንጮችንና የሰፈር ቦታዎችን በትክክል መዝግቦ ወደ ነጻው ካርታ ቢያስገባ፣ መረጃው አዲስ ካርታ ባዘጋጀ ተጓዥ ሁሉ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ያልተመዘገበ ምንጭ በየትኛውም ሰዓት ላይ አይታይም። የካርታው አስተማማኝነት የሚለካው በሰዓቱ ዋጋ ሳይሆን ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ባስገቡት መረጃ ትክክለኛነት ነው።