ከእንጦጦ ሥር ያለው የኮሪያ ሰፈርና ያልተዘጋው ሒሳብ

በእሑድ ጧት ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ዳር የአሜሪካን ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ያያል፤ የሽሮ ሜዳን ጥበብና ነጠላ ነጋዴዎች ያልፋል፤ ከዚያም በባሕር ዛፍ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ማርያም ደጅ ደርሶ ፊቱን ወደ ከተማይቱ ሲመልስ ከተራራው ሥር የተጠጋጉ የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይታዩታል። ከእነዚህ መንደሮች አንዱ ኮሪያ ሰፈር ይባላል። ብዙው ወጣት ስሙን የሚያውቀው ከታክሲ ረዳት አፍ ነው። ስሙ ግን እንዲያው የወጣ አይደለም። ከሩቅ ምሥራቅ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሬት ተሰጥቷቸው ጎጆ የቀለሱበት ቦታ ስለ ሆነ ነው።

የዘመቻውን ምክንያት ለመረዳት ወደ ሰኔ 1928 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ሲሉ፥ በጋራ እንጠባበቃለን ብለው የፈረሙት መንግሥታት ዝም አሉ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ፥ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ተሻግሮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ርዳታ ሲጠይቅ፥ ኢትዮጵያ እሺ ካሉት አገሮች አንዷ ሆነች። ትናንት ለእኛ ያልተደረገውን ዛሬ ለሌላው ካላደረግን ነገ በምን አፋችን እንጠይቃለን የሚል ሐሳብ ነበረው። እውነተኛ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን መንግሥት በአንድ ሐሳብ ብቻ አይዘምትምና ሌላውንም ማየት ይገባል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ የወሰነው ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአዲስ አበባ የተነሣው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና አሜሪካ የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚህም አሜሪካ በአስመራ የራዲዮ መገናኛ ጣቢያዋን ስትይዝ፥ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና የወታደር ማሠልጠኛ ርዳታ አገኘች። የጣቢያውም ስም «ቃኘው ስቴሽን» ተባለ። ስሙ ከአድዋው ጀግና ከልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም የተወሰደ ነው፤ ሻለቃውም የተጠራው በዚሁ ነበር። እንግዲህ በአንድ ስም ሁለት ነገር ተጠራ ማለት ነው፤ አንደኛው ደሙን ያፈሰሰው ወታደር፥ ሁለተኛው የደሙ ዋጋ በመንግሥታት መካከል የተተመነበት ጣቢያ።

የዘማቾቹን ሥራ በአጭሩ ልንገር። ሦስቱ ተከታታይ ሻለቆች የተውጣጡት ከክቡር ዘበኛ ነበር። የመጀመሪያውን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፥ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፥ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩት። ከጂቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ፑሳን ወረዱ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፉ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በጥበቃ የቆዩት ሲጨመሩ የዘመተው ሰው ብዛት ስድስት ሺሕ ያህል ይሆናል። በተለምዶ በሚጠቀሰው ቁጥር 121 ሞቱ፥ 536 ቆሰሉ። የተማረከ ግን አንድም የለም። በግንቦት 1945 ዓ.ም. የሌሊት ቃፊሮቻቸው በኮረብቶቹ ላይ ያደረጉትን ውጊያ የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በአድናቆት መዝግቦታል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ እነዚሁ ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ለሌላቸው የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር።

ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩሱ ቆመ። ዘማቾቹም በየተራቸው ገቡ፤ ሜዳይ ተሸለሙ፤ የወደቁትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መታሰቢያ ቆመላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ነው ለዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በመንግሥቱ ላይ ተነሣ፤ ሙከራውም ከሸፈ። ቀድሞ ክቡር ዘበኛን ያደራጁትና የኮሪያን ዘማቾች ያዘጋጁት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክቡር ዘበኛ ነበርኩ ማለት ራሱ ጥርጣሬ የሚያስከትል ቃል ሆነ። ዐሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ደግሞ ነገሩ የባሰ መልክ ያዘ። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ትናንት ጀግና የተባለው የኮሪያ ዘማች ዛሬ የወዳጅ አገር ጠላት፥ የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ ተባለ። ሜዳያቸውን በግድግዳ ውስጥ የደበቁ፥ ፎቶግራፋቸውን ያቃጠሉ እንደ ነበሩ ዘማቾቹ ራሳቸው ሲናገሩ ኖረዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ያም ሐውልት በሶማሊያው ጦርነት ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን የቆመ መሆኑን ልብ ይሏል። ለሞቱት ክብር መስጠት የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን ከእንጦጦ ሥር ያለው ሽማግሌ በአውቶቡስ በዚያ በኩል ሲያልፍ ምን ያስብ ነበር?

ወታደር ወዳጁን አይመርጥም። ወዳጅ የሚመርጠው መንግሥት ነው፤ መንግሥት ወዳጁን ሲለውጥ ግን የቀድሞውን ምርጫ ዕዳ ያወራረደው ወታደሩ ሆነ። ይህ ፍትሕ ነው የሚል ካለ ይሟገተኝ።

ስለ ጦርነት ዕዳ ስናነሣ የኮሪያንና የጎረቤቷን የጃፓንን ክርክር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ለወጣት ሹማምንት ትምህርት አለበትና። የኮሪያ ጦርነት ሲካሄድ ጃፓን የስንቅና የዕቃ ማዘጋጃ ሆና ነበር። ሊከስር ደርሶ የነበረው የቶዮታ ፋብሪካ እንኳ የዳነው ለአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና እንዲሠራ በመታዘዙ ነው። በ1957 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ሲታረቁ ጃፓን 300 ሚሊዮን ዶላር በስጦታ፥ 200 ሚሊዮን በብድር ሰጠች። የኮሪያ መንግሥትም አብዛኛውን ገንዘብ ለመንገድና ለብረት ፋብሪካ አዋለው። ፋብሪካው አገሪቱን እንደ ጠቀመ አይካድም። ይሁን እንጂ በጃፓን ፋብሪካዎች በግዳጅ ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች ሒሳቡ ተዘግቷል ተባሉ እንጂ የረባ ነገር በእጃቸው አልገባም።

ያልተዘጋው ሒሳብ ከአምሳ ዓመት በኋላ ተከፈተ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የጃፓን ብረት ኩባንያ ለአራት ከሳሾች ካሣ እንዲከፍል ፈረደ፤ በሕይወት የቀሩት አንድ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ጃፓን ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ መሥሪያ የሚያገለግሉ ሦስት ኬሚካሎች ወደ ኮሪያ በቀላሉ እንዳይላኩ አገደች። የኮሪያ ሕዝብም የጃፓንን ቢራና ልብስ አልገዛም አለ፤ ሁለቱ መንግሥታት የነበራቸው የወታደራዊ መረጃ ስምምነት ሳይቀር ሊፈርስ ደረሰ። ነገሩ የበረደው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም ለካሣው ገንዘብ ያዋጣው በ1957ቱ ገንዘብ የተቋቋመው የኮሪያው ብረት ፋብሪካ ነበር።

እኛስ ከዚህ የራቅን ነን? በአንድ ምሽግ ደርግን የወጉ ሁለት ድርጅቶች በአዲስ አበባና በአስመራ መንግሥት ከሆኑ በኋላ፥ በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። ኢትዮጵያም ከ2,000 ብር በላይ የሆነው ንግድ በሌተር ኦፍ ክሬዲትና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። በግንቦት ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት ንግድ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የገንዘቡ ክርክር ግን ወዳጅነቱ መሻከሩን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። የካሣ ኮሚሽኑ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን፥ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረደ። ተቀናንሶ የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው። እግሩን ያጣው ወታደር ግን ከማን ጋር ይቀናነሳል?

ወደ ኮሪያ ሰፈር እንመለስ። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኮሪያን ሲጎበኙ በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ተመረቀ። በአጠገቡ የተከፈተው «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ቡና ቤት እስከ ዘመናችን የእኛን ቡና ሲያፈላ ኖሯል። ደርግ ከወደቀ በኋላም የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና ሕዝብ ለዘማቾቹ የክብር ገንዘብ፥ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሰጥተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የኮሪያ ሆስፒታል በነጻ ሲያክማቸው ቆይቷል፤ በአፍንጮ በርም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። የሚያስመሰግን ነው። በአንጻሩ የላካቸው የራሳቸው አገር የከፈለው ምን ያህል እንደ ሆነ መጠየቅ ግን የአንባቢ መብት ነው። የእኛ ጡረታ የሚቆጥረው የአገልግሎት ዓመትን ነው። በ1953ቱ ወይም በ1967ቱ ግርግር ከሠራዊቱ የወጣ ዘማች ዓመቱ አልሞላም፤ ማስረጃ አምጣ ሲባልም ማስረጃውን በፍርሃት ያቃጠለው ራሱ ነው።

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው ወጣት ሹም ሊሠራው የሚችል አንድ ሥራ ይታየኛል። የዘማቾቹንና የባለቤቶቻቸውን ስም በአንድ መዝገብ ማስፈር፥ ወረቀት የጠፋበትን በሦስት የጦር ጓደኞቹ ምስክርነት መቀበል፥ ያዩትንም በቃላቸው ማስጻፍ ነው። በጀቱ ብዙ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና አምስት ግድም ሆኖታል፤ ሦስት ምስክር ማግኘትም በየወሩ እየከበደ ነው።