ራስን ስለ መከላከል የዳኛ ምርመራ

የሰው ነፍስ ጠፍቶ ገዳዩ «ራሴን ስከላከል ነው» ባለ ጊዜ፥ በዳኛው ፊት ሁለት ስሕተት ይቆማል። ቃሉን ሳይመረምር ቢቀበል ቂመኛ በሕግ ስም ያመልጣል፤ ሳይመረምር ቢጥለው ደግሞ ነፍሱን ያዳነ ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ይቀጣል።

ይህ ነገር በይፋት ቆላ በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል። ከጣርማ በር ቍልቍል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ፥ በአንድ ወገን የገበሬውን ማሽላና ሽንኩርት፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ሜዳ የሚወርደውን የአርብቶ አደር ከብት ያያል። ውሃና ግጦሽ ሲጠብ ጠብ ይነሣል፤ መሣሪያም በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢዋ ብዙ ደም ፈሷል። ፍርሃት በበረታበት አገር የሚተኩስ ሁሉ ራሱን ተከላካይ አድርጎ ይቈጥራልና፥ የዳኛው ምርመራ እጅግ ጥንቁቅ መሆን አለበት።

በእንግሊዝና በአሜሪካ በከባድ ወንጀል ነገሩን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ ከሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ለምክር ከመግባታቸው በፊትም ዳኛው ሕጉ የሚጠይቀውን በየተራ ያስረዳቸዋል። በአገራችን ግን እንዲህ ያለ ሸንጎ ስለሌለ፥ ዳኛው ራሱ አስረጂ፥ ራሱም ሰሚ ነው።

የሚያስረዳውም በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 414 በወጣው የወንጀል ሕግ በ78ኛው አንቀጽ ተጽፏል። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና በቅርብ የሚደርስ ነበርን? በሌላ መንገድ ሊመለስ አይቻልምን? መከላከሉስ ከአደጋውና ሊጠበቅ ከሚገባው መብት ጋር የተመዛዘነ ነበርን?

ሊቃውንት ይህን መንገድ ከጥንት ያውቁታል። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ በሌሊት ቤት ሲሰብር የተገኘ ሌባ ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ዕዳ ይሆንበታል። በጨለማ የመጣው ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ጮኾ ረዳት መጥራት ይቻላል።

ለምሳሌ በሮቢ ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቅ ሰው፥ በሌሊት መሣሪያ ያነሣበትን ዘራፊ ቢመታ ሕግ ሊጠብቀው ይችላል። ዘራፊው ከብቱን ትቶ ሲሸሽ ከጀርባው ቢተኩስበት ግን አደጋው አልፏል። በማግሥቱ በገበያ መንገድ አድፍጦ የዘራፊውን ወንድም ቢገድል፥ ያ በቀል እንጂ መከላከል አይባልም።

በመካከልም ሌላ ደረጃ አለ። መከላከል ሲጀምር ከልክ ያለፈ ሰው በ79ኛው አንቀጽ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ያለፈው ጥቃቱ ባመጣበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነም ያለ ቅጣት ሊለቀቅ ይችላል። በ541ኛው አንቀጽ ከመከላከል ልክ አልፎ የገደለ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ሲቀጣ፥ በ540ኛው አንቀጽ ተራ ግድያ የፈጸመ ግን ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ይፈረድበታል። ስለዚህ በአንድ ጥያቄ መሳሳት የአንድን ሰው ዕድሜ ሊወስድ ይችላል።

የምርመራውን ፍሬ በአርሲ የሆነው ያስረዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተወሰደች፤ ስታመልጥ የተከተላትንም ጠላፊ ተኩሳ ገደለች። ልማድ ጠለፋን የጋብቻ መንገድ ቢያደርገውም፥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ፍርድ ቤቱ ራሷን እንደ ተከላከለች ፈርዶ ነጻ አወጣት። ልማድ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልስ ቢሰጥ ኖሮ፥ ተበዳይቱ ወንጀለኛ ሆና በቀረች ነበር።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ149ኛው አንቀጽ ዳኛው ማስረጃውን የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያት በፍርዱ እንዲጽፍ ያዝዛል። እንግዲህ ዳኞች ለሦስቱ ጥያቄዎች ለየብቻ መልስ ይጻፉ፤ ይግባኝ ሰሚውም፥ የሟች ወገንም፥ ተከሳሹም አንብበው ይረዱ። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ ካህናትና ሽማግሌዎችም መከላከልን ከበቀል ለይተው ሕዝቡን ያስተምሩ። ምክንያቱ ያልተገለጸ ፍርድ ሌላ ደም ይጠራልና።