እስረኛን ስለ መርዳትና ወደ አገሩ ስለ መመለስ

በአንድ አገር ሕግና ዳኝነት መኖሩ የሚታወቀው ጥፋተኛው በመቀጣቱ ብቻ አይደለም፤ ቅጣቱን በፈጸመ ጊዜ ሰውዬው ምን ሆኖ እንደሚወጣ በመታሰቡም ጭምር ነው። አባቶቻችን እስር ቤቱን ወህኒ ይሉት ነበር፤ ስሙም በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ተዘግቶባቸው ይጠበቁባት የነበረችውን የወህኒ አምባን ያሳስባል። ዛሬ ግን ሕጉ ቤቱን ማረሚያ ቤት ብሎ ይጠራዋል። እርሻ ማረም ማለት አረሙን ነቅሎ እህሉን ማትረፍ እንደ ሆነ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ በስሙ ውስጥ ያለው አሳብ ጥፋቱን ከሰውዬው ለይቶ ሰውዬውን ማዳን ነው። ይህን ሥራ ግን ዳኛና ዘበኛ ብቻቸውን ይፈጽሙት ዘንድ አይቻላቸውም። የዳኛው ሥልጣን በፍርዱ ቃል፣ የዘበኛውም ጥበቃ በቅጥሩ በር ያልቃል፤ ሰውዬው ግን ከፍርዱ በፊት ቤት ነበረው፣ ከቅጥሩም ሲወጣ የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል። በዚህ መካከል ያለውን ጉድለት የሚሞላው የበጎ አድራጊዎች እርዳታ ስለ ሆነ፣ ስለዚሁ እርዳታ ጥቂት ማመልከት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ በአንድ ስፍራ ምሳሌነት ይገለጥ ዘንድ የሁምቦን ወረዳ እንመልከት። ሁምቦ በወላይታ አገር ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ፣ ከተማው ጠበላ የሚባል፣ ቆላውም ወደ አባያ ሐይቅ ዝቅ የሚል ወረዳ ነው። ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ያንዳንዱ ገበሬ መሬት ግን ጥቂት ነው። መሬት በጠበበበት አገር የወሰን ክርክር እንደማይጠፋ፣ የወሰንም ክርክር አንዳንድ ጊዜ ወደ ዱላ እንደሚያደርስ ከዳኞች የተሰወረ አይደለም። ከዚህ ወረዳ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የሚታሰረው በሶዶ ማረሚያ ቤት ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስለ ሆነች የሹማምንቱ መኪና ይመላለስባታል፤ ለባለ መኪናም ከጠበላ እስከ ሶዶ ያለው መንገድ ቅርብ ነው። ከቆላው ቀበሌ ተነሥታ ልጅ አዝላ፣ ስንቅ ይዛ ለምትሄድ ሴት ግን ቅርብ አይደለም። ለመሳፈሪያ የምትከፍለውን ለማግኘት ከጓዳዋ አንድ ነገር መሸጥ አለባት፤ የሄደችበትም ቀን የእርሻና የገበያ ቀን ሆኖ ይጎድልባታል። እንዲህ ሲሆን ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥየቃው ይቀራል፤ ጥየቃው ሲቀር ደግሞ በባልና በሚስት፣ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ማሰሪያ ይላላል።

እስረኛን የሚመግበው ዘመዱ መሆኑ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በቀድሞው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለ ዕዳውም ከገንዘብ ጠያቂው ጋራ በቁራኛ ይታሰር ነበር። የታሰረውን የሚያበላው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ የሌለው ግን የመንገደኛ ምጽዋት ይጠብቅ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የእስር ቤቶች አስተዳደር በአዋጅ ከተቋቋመ ወዲህ እስረኛን መመገብ የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ሆኖም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማረሚያ ቤቶችን እየጎበኘ፣ ለእስረኛ ቀለብ የሚመደበው ገንዘብ ከገበያው ዋጋ ጋራ የማይመጣጠን መሆኑን በየጊዜው ሲያመለክት ቆይቷል። ስለዚህ የዘመድ ስንቅ ዛሬም ትርፍ ነገር አይደለም።

በዚህ ነገር ወላይታ ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ታሪክ አላት። በ1920 ዓ.ም. ወደ ሶዶ የመጡት የወንጌል መልእክተኞች በጣልያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. አገሩን ለቀው ሲሄዱ፣ የተዋቸው ምእመናን በቁጥር እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጠላት መሪዎቻቸውን ይዞ በሶዶ አሰራቸው፤ የተገረፉም፣ ከግርፋቱ የተነሣ የሞቱም ነበሩ። በዚያ ጊዜ ከየመንደሩ ምእመናኑ ስንቅ እየተሸከሙ ወደ እስር ቤቱ ይመላለሱ ነበር። ያመጡት ምግብ ብዙ ስለ ነበረ የእነርሱን ሰዎች መግቦ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ለሆነው፣ ዘመድም ለሌላቸው እስረኞች ይተርፍ እንደ ነበረ የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ሰዎች መስክረዋል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚደነቀው ለወገን መብል መውሰዱ አይደለም፤ ያንን ዘመድ ሁሉ ያደርገዋል። የሚደነቀው የማያውቁትን እስረኛ ከወገናቸው ጋራ አንድ ላይ ማብላታቸው ነው። በጎ አድራጎት የሚባለውም ከዘመድ ስንቅ የሚለየው በዚህ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህ ሥራ በማኅበር ተደራጅቶ ይሠራል። ጀስቲስ ፎር ኦል ፕሪዝን ፌሎሽፕ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በማረሚያ ቤቶች ሥራ ይታወቃል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለተበደሉ ሴቶች በነፃ ጥብቅና ሲቆም ኖሯል። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብትና በፍትሕ ሥራ እንዳይገቡ ከልክሎ ስለ ነበር፣ ይህ ሥራ ለ10 ዓመት ያህል ደክሞ ቆየ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወጥቶ ክልከላውን አነሣው። እንግዲህ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚጠየቀው፣ በበሩ ገብቶ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው።

እስረኛን የሚረዳ ሰው ሦስት ቀኖችን ማሰብ ይገባዋል። ፊተኛው ሰውዬው የተያዘበት ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ዳኛ እንዲቀርብ፣ ጥፋቱም በፍርድ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር አዟል፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጣና ፍትሕ ይጓደልበታል ተብሎ ለሚያሠጋው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲሰጠው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ከገጠር የመጣ ገበሬ በዋስ የመለቀቅ መብት እንዳለው ካላወቀ፣ ቢያውቅም ዋስ የሚሆነው ሰው ካጣ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንደ ሌሎቹ የአገራችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ለችግረኞች ነፃ የሕግ ምክር መስጠቱ በዚህ ረገድ ታላቅ እርዳታ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የአሜሪካው ጫማ ሠሪ ጆን ኦገስተስ አሳይቷል። ይህ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. በቦስተን ፍርድ ቤት ስለ ስካር ለተከሰሰ ለማያውቀው ሰው ዋስ ሆነ፤ ሰውዬውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠባዩ ተለውጦ ተመለሰ። ኦገስተስ በ1859 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ሰዎች ዋስ ሆኗል። ዛሬ በብዙ አገር ጥፋተኛ ሳይታሰር በጠባቂ ክትትል የሚታረምበት ሥርዓት የተጀመረው ከእርሱ ነው።

ሁለተኛው በቅጥር ውስጥ የሚያልፈው ዘመን ነው። ሕገ መንግሥቱ እስረኛው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት መካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጠይቁት ፈቅዷል። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያሻሻለውንና 27 ዓመት በእስር በኖሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም የጠራውን የእስረኞች አያያዝ ደንብ ሲያወጣ፣ እስረኛው ከቤተ ሰቡ ጋራ ያለው ግንኙነት እንዲጠበቅ አሳስቧል። ስለዚህ ለጠያቂዋ ሚስት የመሳፈሪያ ዋጋ መስጠት ትንሽ ነገር ቢመስልም ከታላላቆቹ እርዳታዎች ይቆጠራል። ደግሞም እናታቸውን ተከትለው ወደ ማረሚያ ቤት የገቡ ሕፃናት አሉ። እነዚህ ምንም ሳይበድሉ በቅጥር ውስጥ የሚያድጉ ስለ ሆኑ ወተታቸውና ፊደላቸው ከሁሉ በፊት ሊታሰብ ይገባል። በእንግሊዝ አገር ኤልሳቤጥ ፍራይ የተባለችው ወይዘሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1813 ዓ.ም. በሎንዶን ወደ ነበረው የኒውጌት እስር ቤት ገብታ፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ያለ ልብስና ያለ ሥራ ስላገኘቻቸው፣ በኋላ ትምህርት ቤት አቁማላቸዋለች፤ ሴቶቹም ስፌት እንዲሠሩ አድርጋለች። እርሷም የመንግሥት ሹም አልነበረችም።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው የመመለሻው ቀን ነው። በበዓል ቀን በሬ አርዶ እስረኛን የሚያበላ ብዙ ነው፤ በተፈታበት ቀን ከበሩ ተቀብሎ ወደ ቀበሌው የሚያደርሰው ግን ጥቂት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከተወሰነበት እስራት ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሡ ነው። እንግዲህ ድኻ ገበሬ በእስር ቤት ተቀምጦ ካሣውን ከየት ያመጣል? ከተበዳዩስ ቤተ ሰብ ጋራ ማን ያስታርቀዋል? ያለ እርቅ ወደ መንደሩ ቢመለስ ወይ ደም መላሽ ይጠብቀዋል፣ ወይ በፍርሃት አገሩን ትቶ ይሰደዳል። የወላይታ ሽማግሌዎች በጉታራ ተቀምጠው ነገር የሚያበርዱበት ሥርዓት አላቸው፤ የጊፋታ በዓል ሲቃረብም ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር እንደ ነውር ይቆጠራል። የበጎ አድራጊው ገንዘብ ከሽማግሌው ቃል ጋራ ከተገናኘ፣ ካሣውም እርቁም በአንድነት ሊፈጸም ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች፣ የተበደለው እያለ በዳዩን ለምን እንረዳለን ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ባሏ የተገደለባት ሴት ገዳዩ በበዓል ቀን ሥጋ ሲበላ ብትሰማ ልቧ ቢያዝን ይገባታል። ነገር ግን ከዚህ በላይ የተነገረውን እርዳታ የመረመረ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ፍርድ የሚጠብቀው ሰው ገና በደለኛ አልተባለም። የእስረኛው ልጆች ምንም አልበደሉም። ካሣው የሚከፈለው ለተበዳይዋ ነው። የሚፈታውም ሰው ታርሞና ታርቆ ካልወጣ ሁለተኛ ጥፋት ቢያደርስ የሚጎዳው ያው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ እርዳታው በዳዩን ከተበዳዩ አያስበልጥም፤ ነገር ግን የተበዳዩን ቤት የረሳ የእስረኛ እርዳታ ጎደሎ መሆኑን መታመን ይገባናል።

የሁምቦ ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ነገር በዓይናቸው አይተዋል። የሁምቦ ተራራ ዛፉ ተቆርጦ ራቁቱን ቀርቶ፣ ጎርፍ በእርሻው ላይ ይወርድበት ነበር። በ1998 ዓ.ም. ግድም ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎቹ ጋራ ሆኖ 2,728 ሄክታር መሬት ይጠበቅ ዘንድ ሥራ ጀመረ። አብዛኛው ደን የለማው በአዲስ ተከላ አይደለም፤ የሞቱ ይመስሉ የነበሩት ጉቶዎች ሥራቸው ከመሬት በታች ሕያው ስለ ነበረ፣ ከብትና መጥረቢያ ሲከለከልላቸው፣ የበዛውም ቀንበጥ ሲገረዝላቸው ራሳቸው አቆጠቆጡ። ገበሬዎቹ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው ጠበቁት፤ በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት መዝገብ ገባ፤ የዓለም ባንክም ስለ ደኑ ለማኅበራቱ ገንዘብ ከፈለ። ጉቶውን ማን ሊጠብቀው ይችል ነበር? ከሩቅ የመጣው አማካሪ ብልሃቱን አሳየ፤ ሌሊትና ቀን የጠበቀው ግን የአገሩ ሰው ነው። የእስረኛውም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር እናሳስባለን። የወረዳው ፍርድ ቤት፣ ፖሊሱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ፣ እድሮቹም አንዳንድ ሰው መርጠው በጠበላ አንድ ኮሚቴ ቢያቆሙ መልካም ነው። ይህ ኮሚቴ ከወረዳው የታሰረውን ሰው ሁሉ፣ ቤተ ሰቡ እየተስማማ፣ በመዝገብ ይያዝ፤ ዋስ ያጣውን፣ ጠያቂ የሌለውን፣ አመክሮው የደረሰውን ለይቶ ይወቅ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ምክር በገበያ ቀን በጠበላ ቢሰጥ ገበሬው ሶዶ ድረስ አይደክምም። ሹማምንትም የእስረኛው ሚስት መሬቷን ጎረቤት እንዳይገፋት ይጠብቁላት፤ እድሩም በእርሻና በአጨዳ ወራት በደቦ ያግዛት። ካህናትና የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ሁለቱንም ቤት ይጠይቁ፤ የታሰረውን ንስሐ፣ የተበደለውንም መጽናናት ይምከሩ። የማቴዎስ ወንጌል በመጨረሻው ፍርድ ከሚጠየቁት ሥራዎች መካከል የታሰረውን መጠየቅ መቍጠሩን ለእነርሱ ማስታወስ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ሥራ አይደለም፤ የሚፈልገው ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሰው ነው። ከሁምቦ አንድ ሰው ታስሮ ሲሄድ መዝገቡ በጠበላ ከተከፈተ፣ የሚዘጋውም ሰውዬው ታርቆ፣ ካሣውን ከፍሎ፣ ወደ እርሻው በተመለሰበት ቀን ከሆነ፣ ማረሚያ ቤት የተባለው ስም በእውነት ሥራውን ፈጽሟል ለማለት ይቻላል። በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ካህናትም ይህን ተመልክተው በየስፍራቸው እንዲያስቡበት አደራ እንላለን።