1780 የሚለው ጠገራ ብር ዕድሜው ስንት ነው?

በላሊበላ ጠገራ ብር አውጥቶ «ይኸው 1780 ይላል» የሚላችሁ ሰው አልዋሸም፤ የብሩን ዕድሜ ግን አልነገራችሁም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀረጸው ማርትሬዛ ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የመቅረጫውን ማኅተም ከቪየና ተረክቦ በሮማ አስቀረጸ፤ በዓመቱ ለንደንም ተከተለች። እንግዲህ የቅድመ አያት ቅርስ ብለን በሣጥን ያኖርነው፣ ወራሪው ለጦርነቱ ያሠራው ሊሆን ይችላል።

እኔ ዓመቱን ትቼ አስቀድሜ ጠርዙን አያለሁ። በዙሪያው «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይገባል። ቀጥሎ ሚዛን ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የጥንቱ ገበያተኛ ሚዛን ባይኖረው በንግሥቲቱ ትከሻ ባለው ጌጥ ዙሪያ ዕንቁዎቹን ይቈጥር ነበር። ብዙው ጠገራ ግን ሳይመረመር ቀልጦ የአንገት መስቀል ሆኗል።

በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር ከዚህ ይቀላል፤ ዓመተ ምሕረቱ ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ አንበሳው ይናገራል። በ1887 ዓ.ም. ብር ላይ የግራ የፊት እግሩን፣ በ1895ቱ ላይ የቀኙን አንሥቷል።